ሽቦውን የቀጠለ እጅ

በሰፈሩ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ቢፈለግ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋ ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ ግን መፍቻ እያለ ነው የሚጠራት። የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ናት። ሙያውን ከአባቷ ወርሳ፣ እሳቸው ካለፉ በኋላም ሱቁን ሳትዘጋ፣ የዕድሜዋን ሃምሳ አምስተኛ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ደፍናለች። ሱቋ በጫማ መሸጫና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለተኛ ሰው ከገባ አንዱ በጎኑ የሚቆምባት ክፍል ናት። ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ የጽሕፈት መኪና የሚያስጠግን እየጠፋ፣ ሥራዋ ወደ ስፌት መኪናና ወደ ግድግዳ ሰዓት ዞሯል።

ታዲያ አንድ አመል አላት። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላት፣ ምኑ እንደተበላሸ ከመጠየቋ በፊት «ከእኔ በፊት ማን ነካው?» ትላለች። ባለቤቱ ካላወቀ ራሷ ከፍታ ትፈልጋለች። ያልጠበቀ ብሎን ካየች «ይኼ ችኩል ነው» ትላለች፤ ዘይት ተርፎ ሲፈስ ካየች ደግሞ «ይኼ ፈሪ ነው፤ ያልገባውን ሁሉ ዘይት አጠጥቶታል።» አባቷ በሕይወት ሳሉ «ጠጋኝና ሐሜተኛ አንድ ናቸው፤ የፊተኛውን ሳያነሱ ሥራ አይጀምሩም» እያሉ ይስቁባት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ አጫራች መጣ። የጥንት ዕቃ ለሰብሳቢዎች በጨረታ የሚሸጥ፣ ቀጭን፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። ከኋላው ሁለት ሰዎች የእንጨት ሣጥን ተሸክመዋል።

«እትዬ፣ እጅዎ ንጹሕ ነው?» አላት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«እጄ ንጹሕ ከሆነማ ሥራ ፈትቻለሁ ማለት ነው። ይግቡ።»

ሣጥኑ ሲያርፍበት ጠረጴዛዋ አቃሰተ። ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ ያየችው የምታውቀውን ነበር፤ እንደ ጽሕፈት መኪና የተደረደሩ የፊደል ቁልፎች። ወረቀት ማስገቢያ ግን የለውም። በእሱ ፈንታ በትንንሽ ክብ መስኮቶች ሥር፣ በየመስኮቱ አንድ ፊደል፣ አምፖሎች ተኮልኩለዋል። ከበላያቸው ጥርስ ያላቸው ሦስት መንኮራኩሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

አጫራቹ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በጦርነቱ ጊዜ የምስጢር መልእክት የሚጻፍባት መኪና ናት። አንድ ፊደል ሲጫኑ ሌላ ፊደል ይበራል። ያንኑ ፊደል ድጋሚ ቢጫኑ፣ መንኮራኩሩ አንድ ጥርስ ስለሚዞር ደግሞ ሌላ ይበራል። መልእክቱን ፈትቶ ማንበብ የሚችለው፣ ወዲያ ማዶ እንዲህ ዓይነት መኪና ያለውና መንኮራኩሮቹን ከዚህኛው እኩል ያስተካከለ ሰው ብቻ ነው። ከእሷ ዓይነት የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በወንዙ ወደብ የድሮው ጉምሩክ ሲፈርስ፣ ምድር ቤት ውስጥ ግድግዳ ተለስኖባት ተገኘች።»

«ታዲያ ከእኔ ምን ይፈለጋል?»

«አሥራ ሁለት ቀን አለን። ሰብሳቢዎቹ ሊያዩዋት ሲመጡ ብትሠራ ነው ምኞቴ። የሞተችውንና የምትተነፍሰውን ሰው እኩል አያያቸውም።»

መፍቻ ቀድሞውኑ ካቻቢቴዋን አንስታ ነበር።

ሦስት ቀን አቧራና ዝገት ስትጠርግ ከረመች። በአራተኛው ቀን የመኪናዋን ሆድ ከፍታ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ስትከተል፣ ከመካከላቸው አንዱ ተበጥሶ የተቀጠለ ሆኖ አገኘችው። የተቀጠለበት ቦታ ላይ ቀይ ነገር አለ። መጀመሪያ ደም መሰላት። በአጉሊ መነጽር ስታየው ግን የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ብርጭቆ የጠነከረ ቀለም ነው። ከቀለሙ ሥር ደግሞ ሽቦውን ጥብቅ አድርጎ የያዘ የስፌት ክር ይታያል፤ ክሩ የተጠመጠመው ሌላ ሰው ከሚጠመጥምበት በተቃራኒ፣ ወደ ግራ ነው።

ነገሩ ልቧን ሰቅዞ ያዘው። ትንሽ አሰበችና ብድግ ብላ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። የፎቶ አንሺው ሚስት በር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትቀባለች።

«እስቲ ያንን ጠርሙስ አንዴ።»

«አንቺና የጥፍር ቀለም! ምን ሰማሁ ልበል?»

«ለእኔ አይደለም፤ ለሽቦ ነው።»

በአንድ ቁራጭ ሽቦ ላይ ጠብታ ቀባች፤ እስኪደርቅ ጠብቃ በጥፍሯ ፋቀችው። ያው ነው። አንድ ሰው ሽቦው የተራቆተበትን የሚሸፍንበት ፕላስተር አጥቶ፣ በጥፍር ቀለም ሸፍኖታል። ሰው ስትል ደግሞ ሴት ማለቷ ነው፤ ክር ያላት፣ ቀለም ያላት፣ ግራኝ የሆነች ሴት።

አጫራቹ በማግስቱ ሲመጣ ነገረችው። ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ እኮ ‹ምርጥ መኮንኖች ብቻ የሠሩባት› ብዬ ለካታሎጉ ጽፌአለሁ።»

«መኮንኖቹ ጥፍራቸውን ይቀቡ ነበር?»

«እትዬ፣ ይኼ ቀልድ አይደለም። ሰብሳቢ ማለት ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተነካ ነገር ነው የሚወደው። ሽቦውን በአዲስ ይቀይሩልኝ፤ ቀዩም ይፋቅ።»

«እስከሚያዩዋት ቀን ይቆይ። መሥራቱን ይሠራል።»

አጫራቹ ተነፈሰ። «ቢያንስ ሞላዎቹስ? እነሱም የጎረቤት ዕቃ ናቸው?»

«ሞላዎቹ አንድም ሳይቀር የፋብሪካ ናቸው። በዚህ አልታማም።»

ሰውየው ይህን እንደ መድኃኒት ተቀብሎ በደብተሩ ጻፈ። እሷም በዚያን ሰዓት የተናገረችውን ታምን ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ ወደ ወደቡ ወረደች። ጉምሩኩ የነበረበት ቦታ የጡብ ክምር ሆኗል። ከፊት ለፊቱ አንዲት አሮጌ የጸጉር ማስተካከያ ቤት አለች፤ ባለቤቱ ሥራ ፈትቶ በራሱ መስታወት ራሱን ያያል። በጦርነቱ ጊዜ በጉምሩኩ ማን ይሠራ እንደነበር ስትጠይቀው እንደተሳለ ምላጭ ፈጠነ።

«ይህን ቤት አባቴ ነው የከፈተው። በጦርነቱ ጊዜ ከስልክ ቤት ሴቶች በጭነት መኪና እያመጡ እዚያ ያስገቡ ነበር ይል ነበር። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርደው ምን እንደሚሠሩ አንድዬ ይወቅ። አንደኛዋ እስካሁን በሕይወት አለች። ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ነው ቤቷ፤ ልጇ የሰባት ቁጥር ሾፌር ነው።»

መፍቻ ሰባት ቁጥርን ጠብቃ ተሳፈረች። ሾፌሩ ጸጉሩ የሸበተ፣ የደንብ ልብሱ አንድ ቁልፍ የጎደለው ሰው ነው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ጠጋ ብላ አነጋገረችው።

«እናቴ?» አለ እየሳቀ። «እናቴ እኮ የወታደር አንሶላ ነበር የምታጥበው። የምን መኪና? ቢሆንም እንግዳ ትወዳለች፤ ይሂዱ፣ በሩ ክፍት ነው።»

አሮጊቷ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ሰማንያን ያለፉ፣ ከወንበሩ ትራስ የማይከብዱ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ላይ የልጃቸውን ሌላ ኮት ዘርግተው ቁልፍ ይተክላሉ። መርፌውን የያዙት በግራ እጃቸው ነው። መፍቻ ዓይኗን ከዚያ እጅ ሳትነቅል ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ከጉምሩኩ ምድር ቤት አንዲት የጦርነት ጊዜ መኪና ተገኝታ እኔ እየጠገንኳት ነው። እርስዎ ያውቋት እንደሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እኔ አንሶላ ነው ያጠብኩት፣ ልጄ።»

«ምናልባት ሲያልፉ ሲያገድሙ አይተዋት...»

«ሳጥብ አንሶላውን ነው የማየው። ውኃ ልስጥሽ?»

ውኃውን ጠጥታ፣ ስለ ልጃቸውና ስለ ጉልበታቸው ሕመም አውርታ ተነሣች። ከዚህ በላይ ትልቅ ሰው ማስጨነቅ ነውር ነው ብላ በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ጠሯት።

«ስሚ እስቲ፣ ልጄ። ያ ሽቦ... ያዘ?»

መፍቻ ዞረች። «እማማ፣ እኔ ስለ ሽቦ አላነሣሁም።»

አሮጊቷ መርፌውን ትራሱ ላይ ሰክተው መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «አየሽ! ስልሳ ሦስት ዓመት ይዤ ይዤ በር ላይ አፈሰስኩት።»

«ለምን ይዘውት ኖሩ?»

«አስምለውን ነዋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ‹እስክትሞቱ ድረስ› አሉን። እኔ ደግሞ አልሞትኩም፤ ምን ላድርግ?»

«ያስማሉዎት ሰውዬስ?»

«አዛዡ? እሱ ከሞተ አርባ ዓመት አለፈው።»

«መኪናዋ እኮ በአደባባይ ልትሸጥ ነው። ፎቶዋ በወረቀት ታትሟል፤ የፈለገ ሁሉ መጥቶ ያያታል።»

«በአደባባይ?» አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «እኛ ሽንት ቤት ስንሄድ እንኳ ወታደር ይከተለን ነበር፤ መንገድ ላይ ለድመት እንዳናወራ!»

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ተፈታ ክር ወረደ። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከተማው አሥራ አንድ ቀን ተከብቦ ነበር፤ ጠላት ሳይረዳው ከውጭ ጋር በሬዲዮ መነጋገር የሚቻለው በዚያች መኪና ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሽቦው ተበጠሰ። የመኪናዋ ባለሙያ ከወንዙ ማዶ ቀርቷል። አዛዡ ክፍሉ ውስጥ እንደ ታሰረ ዶሮ ሲሽከረከር፣ እሳቸው «እስቲ እኔ ልየው» አሉ፤ እናታቸው ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ቀጭን ነገር ማሰር ያውቁ ነበር። ቀለሙ የጓደኛቸው ነው። «እሷ ጥፍሯን ሳትቀባ ጦርነት እንኳ አትገባም ነበር፤ ነፍሷን ይማር። ያቺን ጠርሙስ ከእጇ ለመንጠቅ ከጠላት የባሰች ነበረች።» መኪናዋ ሠራች፤ እርዳታ ተጠራ፤ ከበባው ተሰበረ፤ አዛዡ ተሸለመ።

«አልተቀየሙም?»

«ሜዳሊያ ሽቦ አይቀጥል፤ ምን ያደርግልኛል? የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከበባው በተሰበረ ቀን መኪናዋን ወሰዷት፤ የት እንዳደረሷት አልነገሩንም። ሽቦው ስንት ቀን እንደቆየ ሳላውቅ ቀረሁ። ልብስ በጠቀምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።»

«ይዟል፣ እማማ። ትናንት ኤሌክትሪክ አሳልፌበታለሁ።»

አሮጊቷ የግራ እጃቸውን ጣቶች አጠፍ ዘርጋ አድርገው አዩዋቸው። «ጎሽ» አሉ፤ መፍቻን አልነበረም።

መኪናዋ የምትታይበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስት ያህል ሰብሳቢዎች ወንበር ላይ ተኮልኩለዋል። ከፊት የተቀመጠው ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ አንገቱን አስግጎ የእጅ ባትሪውን በመኪናዋ ውስጥ ሲያበራ «አፍ ክፈቺ» የሚል ይመስላል። ሾፌሩም መፍቻ የጠራቻቸውን እናቱን ደግፎ ገብቶ ከኋላ አስቀመጣቸው። መፍቻ ማንነታቸውን ለአጫራቹ በጆሮው ብትነግረው፣ እንግዳ ሳይጠሩት እንደመጣበት ሰው ዓይኑን አጉረጠረጠ።

ካታሎጉን ማንበብ ጀመረ። ስለ ሽቦው «በጦርነቱ ጊዜ የተደረገ አነስተኛ ጥገና» ብሎ ፈጠን ብሎ አለፈው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሞላዎቿ ግን አንድም ሳይቀር ከፋብሪካ እንደወጡ ያሉ ናቸው» አለ።

«ይኼ እንኳ ውሸት ነው» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ ከኋላ።

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። የመፍቻ ጆሮ ጋለ። «እማማ፣ ሞላዎቹን እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ።»

«የሦስተኛውን መንኮራኩር ሥር አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ጥቁር ሞላ ነው፤ እንደ ሌሎቹ።»

«ጥቁረቱ ከምን እንደመጣ አልጠየቅሽውም። የአዛዡ ዣንጥላ ነው።»

ሳቅ ፈነዳ። መፍቻ ግን አልሳቀችም። ወረንጦዋን አውጥታ፣ ሦስተኛውን መንኮራኩር አንሥታ፣ ሞላውን ቀስ አድርጋ መዘዘችው። ሐኪሙ ሳይጠየቅ ባትሪውን አበራላት። በሞላው ጫፍ ላይ ግማሹ የተቆረጠ ትንሽ ቀዳዳ አለ። እሷ የፋብሪካ ምልክት ብላ ያለፈችው ነው። አሁን ስታየው የዣንጥላ ጨርቅ ከብረቱ ጋር የሚሰፋበት የክር ቀዳዳ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አለ ሐኪሙ።

አሮጊቷ አሁን ተደላድለው ያወራሉ። «በስምንተኛው ቀን ሞላው ተሰበረ። ጥሩ ብረት የተገኘው የአዛዡ ዣንጥላ ላይ ብቻ ነበር፤ አንዱን የጎን ብረቱን ቆረጥኩበት። ዝናብ መጥቶ ሲዘረጋው አንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ትከሻውን አራሰው። ወር ሙሉ ‹ማን ነው የሰበረው!› እያለ ሲጮህ ከረመ። ሁለቱንም ባወራ አንዱ ያሸልመኛል፣ አንዱ ያሳስረኛል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ሁለቱንም ተውኩት።»

«እማ» አለ ሾፌሩ። «አንሶላ ነበር የማጥበው አላልሽኝም?»

«አጥቤአለሁም። ማን ሊያጥብልን ነበር?»

አጫራቹ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ባለ ኮፍያ አንድ ሰብሳቢ «እኔ የፋብሪካ ዕቃ ልገዛ ነው የመጣሁት እንጂ ዣንጥላ አይደለም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። መፍቻ ሞላውን በመዳፏ እንደያዘች ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ስህተቱ የእኔ ነው። የፋብሪካ ነው ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አጫራቹ የጻፉት እኔን አምነው ነው።»

ይህን ስትል ሐፍረት ይቆራርጠኛል ብላ ነበር። ሐፍረቱ ግን ብዙም አልቆየም፤ ሌላ ነገር አሳደደው። የዣንጥላ ብረት እንዲህ ለመጠምዘዝ መጀመሪያ በእሳት መለስለስ አለበት። ከለሰለሰ ደግሞ ሞላ አይሆንም፤ እንደገና መጠንከር አለበት፤ ከመጠን ካለፈ ይሰበራል። ይህን ሁሉ በዚያ ምድር ቤት፣ መሣሪያ የሌላት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በምን እሳት ሠራችው? መፍቻ ሠላሳ ዓመት በሙያው ላይ ተቀምጣ የማትሠራውን!

«በምን አሞቁት?» አለቻቸው እዚያው ሰው ሁሉ ፊት።

«እኔ እንጃ ልጄ። ረሳሁት።»

ሞላው ወደ ቦታው ሲመለስ ሐኪሙ «እስቲ አንዴ ይጻፉባት» ብሎ ለመነ። አሮጊቷ ጠረጴዛው ጋ ተደግፈው ቀረቡ። መጀመሪያ መንኮራኩሮቹን አስተካከሉ፤ ከዚያ ጣቶቻቸው ሳያዩ ሄዱ። አምፖሎቹ አንዱ ሲጠፋ አንዱ ይበራል፤ ልጃቸው የበራውን ፊደል እየተከተለ በካታሎጉ ጀርባ ጻፈ። ትርጉም የሌለው ዝርክርክ ነው። እናቱ መንኮራኩሮቹን ወደ መነሻቸው መልሰው ቦታውን ለቀቁለት።

«አሁን የጻፍከውን መልሰህ ተጫነው።»

ሾፌሩ በአንድ ጣቱ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገ ተጫነ። መብራቱ አንድ በአንድ ቃል ሠራ። ሐኪሙ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ኮትህን ቆልፍ።»

ሾፌሩ ደረቱን ዳበሰ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ሳለ እሱ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ መፍቻ ብቻ አየችው።

አጫራቹ በሳምንቱ ውስጥ ካታሎጎቹን ሁሉ ሰብስቦ «ምርጥ መኮንኖች» የሚለውን በእጁ ሰርዞ፣ የዣንጥላውን ነገር በብዕር አስገባ። መጀመሪያ እያጉረመረመ ነበር፤ በኋላ ራሱ ወሬውን ለመጣው ሁሉ ሲያወራ ዣንጥላው እየተለቀ ሄደ። ጨረታው ለሐኪሙ ወጣ። ሐኪሙም መኪናዋን ሲረከብ መፍቻን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዩ ቀለም እንዳይነካ።

የእሷ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሦስት የተሰባበረ ዣንጥላ ገዝታ ሱቋ ውስጥ ሞከረች። አንዱ ብረት ለስልሶ ቀረ፤ አንዱ ሲጠመዘዝ ቀጭ አለ፤ ሌላው ከተጠመዘዘ በኋላ በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ በራሱ ተሰንጥቆ ተገኘ። የፎቶ አንሺው ሚስት በበሩ ብቅ ብላ «ቀጥሎ ደግሞ ዝናብ ልትጠግኚ ነው?» አለቻት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ብረቶቹን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ፒንሳ፣ ጥቂት ዘይትና ትንሽ የአልኮል ምድጃ ይዛ አሮጊቷ ቤት ሄደች። ሾፌሩም እረፍት ላይ ነው። ወንበሩን ወደ እናቱ አስጠግቶ፣ ከመጣች ጀምሮ ካፉ የሚወጣው አንድ ነገር ነበር፦ «ከዚያስ? ጓደኛሽስ የት ሄደች? እሺ፣ ከዚያስ?»

«ቆይ አንተ፤ ሥራ ላይ ነን» አሉት እናቱ።

«እማማ፣ እንደረሱት ነግረውኛል» አለች መፍቻ፣ «ግን ጭንቅላትዎ ቢረሳው እጅዎ ላይ ረስቶት እንደሆን ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ብረቱን በፒንሳ ይዘው በነበልባሉ ላይ ወዲያ ወዲህ አሉት። ብረቱ ቀላ፤ ጠመዘዙት፤ ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ ቱስ አለ። እንደገና ከነበልባሉ ከፍ አድርገው ያዙትና ዓይናቸውን አጥብበው ቀለሙ ሲለወጥ ይጠብቁ ጀመር። መፍቻም አብራቸው አጎነበሰች። ብረቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ሐምራዊ መሰለ። አሮጊቷ በጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ተጣጠፈና ቀረ።

«አይ፣ አሳለፍኩት» አሉ፤ ያጋደለውን ሞላ ወደ ጎን ጥለው የግራ እጃቸውን ዘረጉ። «ሌላ አቀብዪኝ።»